የሚካኤል ጽዋ ሱዳን ገባ

ስለ ስደቱ የሚጽፍ ሰው ሁሉ «በዚያ ጨለማ ሌሊት» ብሎ ይጀምራል። እኔ ከጎንደር የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ምን ላድርግ። የተባባልነው በሌሊት ልንነሳ ነበር። ግን ወደ መተማ የሚወስደኝ የጭነት ማኪና ሾፌር አራዳ አንድ ምግብ ቤት ገብቶ «አሁን እንነሳለን» እያለ ቁርሱን ከምሳው ጋር አገናኘው። ልትሸኘኝ የመጣችው አያቴም ጎሕ ሲቀድ አንድ ጊዜ፣ ሦስት ሰዓት ላይ አንድ ጊዜ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ደግሞ አንድ ጊዜ አልቅሳ ተሰናበተችኝ። በሦስተኛው እንባዋ አልወጣ ሲላት «እንግዲህ ጠዋት ያለቀስሁትን አስበው» አለችኝ።

በመጨረሻ ማኪናው ሲያጓራ እኔ ኑግ በሞላው ከረጢት አናት ላይ ተቀምጬ ነበር። አያቴ ቀይ ቆዳ የለበሰውን አገልግል በሁለት እጇ ወደ ላይ አቀበለችኝ።

«ያዝ። አደራህን እንዳትጥለው። አገር ሳትሻገርም አትክፈተው» አለችኝ።

ስንቄ ነው ብዬ ተቀበልኩ። ሌሊቱን ሙሉ ዳቦ ቆሎ ስትቆላልኝ አድራ ነበር፤ ሽታው እስከ አራዳ ድረስ በልብሴ ተከትሎኛል።

አያቴ ወይዘሮ ብርቄ ትባላለች፤ እኔ እናና እላታለሁ። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ቄስ ልታደርገኝ ብላ ቆሎ ትምህርት ቤት ሰደደችኝ፤ ድምፄን የሰሙት የዜማ መምህር ግን «ይህ ልጅ እግዚአብሔርን በሌላ መንገድ ቢያገለግል ይሻላል» ብለው መለሱኝና አራዳ ልብስ ሰፊ ሆንኩ። ጣሊያን ከወጣ ብዙ ዓመት ያልሞላው ጊዜ ነው። ሰፊው ከለባሹ በዝቶ ስለነበር፣ የማክሰኝቱ ጓደኛዬ ማለደ ከካርቱም «እዚህ ሰው ሁሉ ነጭ ቀሚስ ያሰፋል፤ ወንዱም ጭምር» ብሎ ሲጽፍልኝ ልቤ ተነሳ።

እናና አጿጿሟ ለጉድ ነበር። የታዘዙትን አጽዋማት ጾማ ስትጨርስ በፈቃድ የሚጾሙትን ትጨምራለች፤ እነሱ ሲያልቁ ደግሞ ከራሷ ታወጣለች። ከሷ ቤት ያለ ሁሉ ይጾማል። ድመታችን ሳትቀር በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አታገኝም ነበር፤ ከዘጠኝ በኋላም የምታገኘው ሽሮ ነው። ስለዚህ በየዓመቱ የቅበላ ለት ወደ ሙስሊም ጎረቤታችን ቤት ትሄድና ለፋሲካ ወፍራ ትመለሳለች። ከቤታችን የመጀመሪያዋ ስደተኛ እሷ ናት።

ስግደቷም እንዲሁ ነበር። የንስሐ አባቷ መምሬ ተገኘ አርባ ስገጂ ሲሏት ሰማንያ ትሰግዳለች። አንድ ቀን እኔ ባለሁበት መምሬ ምነው ትርፉ ለማን ነው ብለው ጠየቋት።

«ለፈንቴ ነው» አለች ወደ እኔ እያየች።

«ልጁ ምን አጠፋ?»

«ገና ነው። ያጠፋል። እሱ እስኪያጠፋ ድረስ የኔ ጉልበት ስለሚደክም አስቀድሜ ልስገድለት ብዬ ነው።»

ስለዚህ እኔ ካርቱም የገባሁት ገና ላልሠራሁት ኃጢአት ተሰግዶልኝ ነው። አንዳንዴ በከንቱ እንዳይቀር ብዬ ትንሽ ትንሽ አጥፍቻለሁ።

ከሁሉም በላይ የምትወደው ግን የሚካኤል ማኅበሯን ነበር። በስደት ተወልዳችሁ ማኅበር የማታውቁ ልጆች ብትኖሩ ነገሩ እንዲህ ነው፦ ወር በገባ በአሥራ ሁለት፣ አሥራ ሁለቱ ማኅበርተኞች ባንዱ ቤት ተሰብስበው፣ ቄስ ጸልዮበት፣ ከአንድ የሸክላ ጽዋ ጠላ ይቀምሳሉ። ሲያበቁ ጽዋውን ያነሳ ሰው ለሚቀጥለው ወር ተረኛ ነው። ጽዋው እስኪደገስ ድረስ በሱ ቤት ያድራል። ደግሶ በእጁ ሳያስረክብ አይወጣም፤ በመልእክተኛም አይላክም። በጣሊያን ጊዜ እንኳ አንድ ወር ሳይታጎል ዋሻ ውስጥ ሳይቀር ተጠጥቷል፤ እናና ይህን ስትናገር ጣሊያንን እሷ ያስወጣችው ይመስላታል። እኔ የሄድኩት ጥቅምት ማብቂያ ላይ ነው። የኅዳር ሚካኤል፣ የዓመቱ ትልቁ በዓል፣ ተራው የሷ ነበር። ጽዋው ቤታችን ገብቶ፣ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ከስንቄ አገልግል ጋር መንታ በሚመስል ሌላ ቀይ አገልግል ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ወዴት እንደምሄድ ገብቷችኋል።

እኔ ግን አልገባኝም። ጭልጋን አልፈን መተማ እስክንደርስ አትክፈተው ስለተባልኩ እጄን ሰብስቤ ተራብኩ። ሾፌሩ ባየሁት ቁጥር ያላምጣል። ከጠረፉ ማዶ ገላባት ላይ ዕቃ የሚፈትሽ መኮንን አማርኛ ይችል ኖሮ «ክፈት» ሲለኝ ደስ አለኝ፤ ዳቦ ቆሎ ጋብዤው እኔም ልበላ ነው። ክዳኑን ሳነሳ ነጭ ጨርቅ፣ ጨርቁን ስገልጥ የሚካኤል ጽዋ።

«ይህ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ጽዋ» አልኩ።

«የማን ነው?»

«የሚካኤል።»

«ታዲያ ሚካኤል ራሱ የታለ?»

«እሱማ ሁሉም ቦታ አለ።»

መኮንኑ ይህን አልጻፈውም። ብዕሩን ቀለም ነክሮ «ሥራው ምንድን ነው?» አለኝ። ከራበው ሰው ምን ይጠበቃል፣ «የመላእክት አለቃ» አልኩት። ቀና ብሎ ብዙ አየኝ። አለቃ የሆነ ሰው ማኅተም ያለው ወረቀት ጽፎ ይሰጥህ ነበር ብሎ ገሠጸኝና «አንድ አሮጌ የሸክላ ዕቃ፣ ባለቤቱ ያልቀረበ» የሚል ወረቀት ሰጠኝ። ወረቀቱ እስካሁን አለኝ።

ከግንብ ጥግ ተቀምጬ አለቀስኩ። ለመመለስ መሳፈሪያ የለኝም፣ የመጣሁበት ማኪናም ሌላ ጭኖ ዞሯል፣ ለሾፌር እንዳልሰጠው በመልእክተኛ አይሄድም። የእናና ዓይን እንዲህ መድከሙን እስከዚያ ቀን አላወቅሁም ነበር። በሰማንያ ስግደት የደከመች ሴትዮ ሁለት አገልግል ብትምታታባት ምን ይደንቃል አልኩ። የሚያሳዝነኝ ማኅበርተኛው ምን ይላታል የሚለው ነው።

ካርቱም ስገባ ኅዳር ነበር። እኛ አገር በኅዳር ጠዋት ጋቢ ደርበን እንኳ ጥርሳችን ይንቀጫቀጫል፤ እዚህ ጥላ ራሱ ይሞቃል። ማለደ ከገበያው አጠገብ ክፍል ተከራይቶልኝ ነበር። አከራዩ ሓጅ ዑስማን ድሮ መተማ ሰሊጥ ይነግዱ ስለነበር አማርኛ ይሞካክራሉ። የክፍሉ ጣራ ግማሹን ብቻ ነው የሸፈነው።

«ሓጅ፣ ጣራው ጎዶሎ ነው» አልኳቸው።

«ካርቱም ዝናብ የለም። ጣራ ምን ይሠራል?»

«ፀሐይስ?»

«ፀሐይ በበርም ትገባለች» አሉኝ፤ ነገሩ አለቀ።

ሦስት ነገር ከለከሉኝ፤ መጠጥ፣ ጭፈራና የሚጮህ አውራ ዶሮ። አልጋውን ዓንገሬብ ይሉታል፤ በሰፈራችን ወንዝ ስም መተኛቴ ትንሽ አጽናናኝ። ምግቡ ደግ ነው። ጠዋት ፉል፣ ማታ ፉል። ኪስራ የሚሉት ነገር ከሩቅ ሲያዩት እንጀራ ይመስላል፤ ሲያነሱት ግን በጣት መሐል እንደ ሻሽ ይንጠለጠላል። እሱን እየበላሁ የናፈቅሁትን ላንባቢ አልገልጽም፣ ሰው ይስቅብኛል።

በጥር መግቢያ ላይ ከመምሬ ተገኘ ደብዳቤ ደረሰኝ። እናና ስለማትጽፍ እሳቸው ናቸው የሚጽፉላት፤ ጻፉ ያለቻቸውንም ያላለቻቸውንም ይጽፋሉ። በኅዳር ሚካኤል ማኅበርተኛው ሁሉ ነጭ ለብሶ እኛ ቤት ተሰበሰበ። የማኅበሩ ኃላፊ፣ ሙሴ የምንለው አያ ቸኮል፣ ጧፍ ይዞ አገልግሉን ሊሳለም ጎንበስ አለ። ክዳኑን አነሳ። ዳቦ ቆሎ። መምሬ እንደጻፉት አያ ቸኮል አንድ ፍሬ አንስቶ ቀመሰና «የወይዘሮ ብርቄ ነው» ብሎ መሰከረ። እናና «ሚካኤል ያውቃል» ከማለት በቀር ቃል አልወጣትም። አያ ቸኮል አዲስ ጽዋ ይገዛ ቢል «ተራው ካለበት ሳይነሳ በምን ደንብ» ብላ እምቢ አለች። ስለዚህ የተወሰነው ይህ ነው፦ ጽዋው ያለው ፈንቴ ዘንድ ነው፣ ተረኛው ፈንቴ ነው፣ ይደግስ፤ ከዚያ በእጁ ያምጣው። በጽሑፉ ጠርዝ ላይ መምሬ ከራሳቸው «ዓይኗ ነው መሰለኝ፤ ሰው ያማታል» ብለው ጨምረዋል።

ያ «ሰው ያማታል» አላስተኛኝም። ወዲያው መልስ ጻፍኩ። አገልግሉን ያነሳሁት ራሴ ነኝ፣ እሷ ሌላውን ልታቀብለኝ ስትል እኔ ቸኩዬ ይኼን ነጠቅኳት፣ አይፈረድባት አልኩ። ትልቅ ውሸት ነው፤ ግን የተሰገደልኝ አለ ብዬ ተጽናናሁ።

ቀጥሎ ድግሱ መጣ። ካርቱም ላይ አሥራ ሁለተኛው ቀን መቼ እንደሆነ የሚያውቅ አበሻ አልነበረም፤ የነሱን ወር ስንቆጥር የኛ ጠፍቶናል። በኋላ ማለደ የሚሠራበት ሱቅ ውስጥ አንድ ግብጻዊ ቅብጥ ጸሐፊ ተገኘ፤ የነሱ ወር ከኛው ጋር እኩል ይገባል፣ ሚካኤልንም በአሥራ ሁለት ያከብራሉ። እሱ ቀኑን ነገረን፤ ስለነገረንም ማኅበርተኛ ሆነ። ከሱ ሌላ ማለደ፣ ከትክል ድንጋይ የመጣ አንድ በረኛ፣ ሁለት የጎጃም ልጆችና እኔ። ቄስ ስለሌለ ጸሎቱን ከዜማ ቤት የተባረርኩት እኔ መራሁ። መጠጥ ስለተከለከለ ጽዋው ውስጥ ከርከዴ ቀዳን፤ ቀዩ የአበባ መጠጥ ነው፣ ቀዝቃዛ። ዳቦ የለም፣ ኪስራ ቆረስን።

በመሐል ላይ ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ በሩ ተበርግዶ ሓጅ ዑስማን ገቡ።

«አውራ ዶሮ ከልክዬ ነበር» አሉ።

ሁላችንም ተነሳን። ማለደ የሚካኤል በዓል ነው ብሎ አስረዳቸው። ሓጁ ሚካኢል መልአኩ እንደሆነ ሲሰሙ ቁጣቸው በረደ፤ እንደሱ ከሆነ አስቀድሞ መንገር ነው፣ ምንጣፍ እንኳ ሳትዘረጉ አሉና ከራሳቸው ቤት ምንጣፍ አስመጥተው ተቀመጡ። ከርከዴው ስኳር አንሶታል ብለውም ስኳር አስጨመሩ። ሲያበቃ እንግዳ አክባሪ ናቸውና ባዶውን ዕቃ ከፊታችን ላንሳላችሁ ብለው ጽዋውን በሁለት እጃቸው ብድግ አደረጉት።

ደንቡን ታውቃላችሁ።

ማለደ ቀስ ብሎ «ተነሳ እኮ» አለ። ሓጁ ምን ተነሳ ብለው ጠየቁ። ነገርናቸው፣ እያፈርን። ግድ የለም፣ ባለማወቅ ነው፣ መልሰው ያስቀምጡት አልናቸው። ሓጁ ግን ጽዋውን እንደያዙ ቀጥ ብለው «ተራ ተራ ነው። በእኔ ቤት ምግብ ተበልቶ ተራው ጠፋ እንዲባል አልፈልግም» አሉ። የካቲት በገባ በአሥራ ሁለት ደገሱ። በግ ሊያርዱ ሲሉ የነሱን ዕርድ እንደማንበላ በጭንቅ ነገርናቸው፤ እሳቸውም የኛን እንደማይበሉ ነገሩን። ተሳሳቅንና ሁላችንም ፉል በላን።

እንዲህ ያለውን ነገር ለእናና መደበቅ አልቻልኩም፤ ጻፍኩላት። መልሱ እስኪመጣ ድረስ ከማኅበር የምባረር መስሎኝ ነበር። መምሬ የጻፉት ግን እንዲህ ነው፦ ደብዳቤው ሲነበብ አያ ቸኮል ብዙ ካሰበ በኋላ «ሓጁ ደግሶ በእጁ አስረክቧል?» ብሎ ጠየቀ፤ አዎ ሲባል «እንግዲያ ከኛ ከአንዳንዱ ይልቅ ደንብ አክብሯል» አለ። አንዳንዱ ያለው ማንን እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እናና ደግሞ «ሸጋ ሰው ነው፤ አንድ ሰላሳ ልስገድለት» ብላለች።

አንዴ ከጀመረ ማን ያቆመዋል። የካርቱም ማኅበርተኛ በዛ፣ ጽዋውም ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ጀመር። ዙሩ ሲሞላ ይዤው እሄዳለሁ ብል ሊሞላ ሲል አንድ ሰው ይጨመራል። በኋላ ዙሩ ሰበብ ሆነኝ። የስፌት መኪና ገዛሁ፣ ባለ ሱቅ ሆንኩ፣ አገባሁ፣ ልጅ ወለድኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሰነፍኩ። አገር ቤት አያ ቸኮል ከሁለት ዓመት በኋላ በመምሬ ፈቃድ ሌላ ጽዋ ገዛ። እናና አንድ ቀን አልቀረችም፤ ግን ጽዋው ሲደርሳት በእፍኟ ተቀብላ ትጠጣለች እንጂ በአዲሱ አፏን አታደርግም ነበር። ምነው ሲሏት «የኔው ሱዳን ነው» ትላለች።

በሰባተኛው ዓመት ካርቱም ሆኖ ጎንደር መደወል ተቻለ ተባለ። ቀኑ አስቀድሞ በደብዳቤ ተወሰነ። እናና በአሥራ ሁለት ካልሆነ አልመጣም ስላለች በአሥራ ሁለት ሆነ። እኔ እዚህ ከስልክ ቤቱ አግዳሚ ላይ ከጠዋት ጀምሬ ተቀመጥኩ፤ እሷ እዚያ አራዳ ከመምሬ ተገኘ ጋር። መስመሩ ሲገባ መጀመሪያ የሰማሁት ስሞሽ ነው። ስልኩን ተሳለመችው።

«ፈንቴ፣ ምነው ድምፅህ ቀጠነ?»

«ሽቦው ነው እናና። ደህና ነሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ጽዋው ደህና ነው?»

«ደህና ነው።» ከዚያ ሰባት ዓመት የያዝኩትን ተናገርኩ። «እናና፣ ያኔ ነጠቅኳት ብዬ የጻፍኩት ውሸት ነው። አንቺ ነሽ ያቀበልሽኝ። ዓይንሽ ደክሞ ተምታቶብሽ ነው፤ ሰው እንዳያማሽ ብዬ ነው።»

«ዓይኔማ ምን ሆነ? ዛሬ ድረስ መርፌ እሰካለሁ» አለች።

ሽቦው ውስጥ የሚያፏጭ ነፋስ ይሰማል።

«የሄደ ልጅ አይመለስም ሲሉ ሰማሁ» አለች። «ጽዋ የያዘ ሰው ግን ተራውን ሳያደርስ አይቀርም። ሚካኤልን ዋስ አድርጌ ሰደድሁህ እንጂ ስንቅህን መለየት አቅቶኝ ነው? የማኅበሩን ጽዋ ሰረቅሁ፣ ፈንቴ። ለመምሬም ገና ዛሬ መናዘዜ ነው፤ ይኸው አጠገቤ ቆመው ይስቃሉ።»

«መምሬ ስንት ስግደት አዘዙሽ?» አልኩ።

«ብዙ ነው፤ ጉልበቴ አይችለውም። ዱሮ ላንተ ብዬ አስቀድሜ የሰገድሁት አልነበር? እሱን ለዚህ አዋልሁት። ከእንግዲህ ላንተ የቀረህ የለም፤ እንዳታጠፋ። መቼ ነው የምትመጣ?»

«ዘንድሮ» ልል አፌን ስከፍት መስመሩ ተቋረጠ። የስልክ ቤቱ ሠራተኛ ሰዓትህ አልቋል አለኝ፤ ሌላ ሰው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

ዘንድሮ ብዬ ሳልጨርሰው ቀረ። በዓመቱ እናና የፍልሰታን ጾም ፈትታ በማግሥቱ አረፈች። መምሬ «ጾሟን ሳትፈታ እንዳትሄድ እግዚአብሔር ፈቀደላት፤ ድመቷም ቀብር መጥታ ነበር» ብለው ጻፉልኝ። ሳቄና ለቅሶዬ ተቀላቅሎ ሓጅ ዑስማን ደንግጠው ገቡ። ሲሰሙ ምንጣፉን አስመጥተው ዘረጉና ሦስት ቀን አብረውኝ ተቀመጡ።

አገር ቤት ያሉት ማኅበርተኞች ተራዋን ግን ለማንም አልሰጡባትም። በየዓመቱ ኅዳር ሚካኤል ሲደርስ አያ ቸኮል እንደ ደንቡ «ወይዘሮ ብርቄ» ብሎ ይጣራል። ማኅበርተኛው ባንድ ድምፅ «ጽዋዋ መንገድ ላይ ነው» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ በተዘጋው ቤቷ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለው ዳቦ ቆሎ ይበላሉ።

ጽዋው አሁን እኔ ዘንድ ነው፤ ዙሩም ሞልቷል፣ ሰበብ የለኝም። ጥቅምት እየተጋመሰ ነው። ዛሬ ጠዋት አገልግሉን አውርጄ፣ በመንገድ እንዳይሰነጠቅ ብዬ ቆዳውን ቅቤ ስቀባ ማለደ ገባ። በሩ ላይ ቆሞ ጥቂት አየኝና «አምናም ቀብተኸው ነበር» አለኝ።